«ይሄ ራቭ ፎር መኪናህ አራቱም ጎማ እየጎተተ ዳገት ያቅተዋል እንዴ?»

ይህን ጥያቄ የምትጠይቁኝ ሰዎች፣ በአላህም በማርያምም ይዣችኋለሁ፣ ተዉኝ።

ጎረቤቴ ይጠይቀኛል። የሥራ ባልደረባዬ ይጠይቀኛል። መኪና አጣቢው ልጅ እንኳ ጨርቁን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ «ጋሼ፣ ይሄ ፎር ዊል አይደል እንዴ?» ይለኛል። ነው። ፎር ዊል ነው። እና ምን ይጠበስ?

አራቱም ጎማ ጎተተ ማለት ጭቃ ላይ በቀላሉ አይንሸራተትም ማለት ነው። ክረምት የገጠር መንገድ ሲላቁጥ እኔ አልፋለሁ፣ ሌላው ይገፋል። እሱን አልክድም። ጉልበት ግን አይጨምርም። እንዲያውም ይበላል። ተጨማሪ ዘንግ አለ፣ ጉልበቱን ለጎማዎቹ የሚያከፋፍል ተጨማሪ ዲፈረንሻል አለ፣ ተጨማሪ ኪሎ አለ። ያንን ሁሉ የሚያዞረው ያው አንዱ ሞተር ነው። ላዩ ላይ እኔን፣ ሚስቴን፣ ልጆቹን፣ አማቴን፣ አማቴ ከኮምቦልቻ ገበያ የገዙትን ሽንኩርት ጨምሩበት።

ከዚያ ሐረጎ ይጀምራል።

ሐረጎን ለማታውቁ፣ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚያወጣው ጠመዝማዛ ዳገት ነው። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ ላይ ነች። ደሴ 2,500 አካባቢ። ከፊት የጫነ ሲኖ ትራክ ያቃስታል። ከኋላ ዶልፊን ክላክስ ይለቃል። ሲኖው መታጠፊያው ላይ ቀጥ ሲል እኔም ቀጥ እላለሁ። ችግሩ መቆሙ አይደለም፣ መነሳቱ ነው። እግሬን እስከ ወለሉ እጫናለሁ። መኪናው መጀመሪያ ያስባል። ይመክራል። ከዚያ ሲፈቅድ ይንቀሳቀሳል። አማቴ ከኋላ ዱዓ ያደርጋሉ። ሚስቴ ዝም ትላለች፤ የሷ ዝምታ ከዶልፊኑ ክላክስ ይብሳል።

ማንም የማይነግራችሁን ልንገራችሁ። ሞተር የሚሠራው በቤንዚን ብቻ አይደለም፣ በአየርም ነው። ደሴ ላይ ደግሞ አየሩ ስስ ነው። ከባሕር ዳርቻ ጋር ሲነጻጸር ከ20 በመቶ በላይ ይሳሳል። ተርቦ የሌለው፣ ማለትም አየር በግድ የሚገፋለት መሣሪያ የሌለው ሞተር የሚስበው አየር በዚያው ልክ ይቀንሳል፣ ጉልበቱም አብሮ ይወርዳል። የእኔን የሁለተኛ ትውልድ ራቭ ፎር፣ ባለ 2.0 ሞተሩን ውሰዱ። ወረቀቱ ላይ 150 የፈረስ ጉልበት ይላል። ጅቡቲ ወደብ ላይ ሲወርድ እውነት ነው። ደሴ ሲደርስ 115 ገደማ ይቀረዋል። ቀሪዎቹ ፈረሶች መንገድ ላይ ቀርተዋል። መኪናው አልተበላሸም። ፋብሪካውም አላታለለንም። እኛ ተራራ ላይ ስለምንኖር ነው።

እሺ፣ ይሄን ተቀበልኩ። ያልተቀበልኩት መድኃኒት ሻጮቹን ነው።

አንዱ ከነዳጅ መስጫው ፔዳል ጋር የምትሰካ ትንሽ ሳጥን አመጣልኝ። «ይቺን ስካ፣ ይበራል» አለ። የሳጥኗ ሥራ ምን መሰላችሁ? ግማሽ ስትረግጡ ለሞተሩ «ሙሉ ተረግጧል» ብላ ትነግረዋለች። በቃ። እኔ እኮ ድሮም እስከ ወለሉ ነው የምረግጠው! ከወለሉ በታች ምን አለ?

ሌላው ማርሚታውን ቆርጠን ሰፊ እናድርገው ይላል። ድምፁ ደሴን ያናውጣል፣ መኪናው ግን እዚያው ነው። ከሞተሩ በታች ያለው ካታላይዘር፣ ጭስ ማጣሪያው፣ ተደፍኖ ከሆነ በእርግጥ ጉልበት ያንቃል፣ እሱ ይታይ። ሳይመረምሩ መቁረጥ ግን ምን የሚሉት ሙያ ነው? አንድ ጋራዥማ ኮፈኑን እንኳ ሳይከፍት «አብሽር፣ ሞተር እንቀይርልሃለን» አለኝ። አብሽር! ሞተር እየቀየረ አብሽር ይለኛል!

ለነገሩ አንድ ጎበዝ መካኒክ አለ። ወሬ አያበዛም። የአየር ፊልትሮውን አውጥቶ አራገፈው፣ የወጣው አቧራ ግማሽ ወሎ ይሆናል። አየር የሚለካውን ሴንሰር ለሱ በተሠራ ስፕሬይ አጠበው። ካንዴላዎቹን አየ። ከዚያ «ትንሽ ነድተህ ስትቆም ቸርኬዎቹን በእጅህ ጠጋ በል፣ አንዱ ከሌሎቹ ለይቶ የሚፋጅ ከሆነ ፍሬኑ እየያዘህ ነው» አለኝ። የኋላው አንዱ ይፋጅ ነበር። ፍሬን ይዤ ዳገት ስወጣ ነው የከረምኩት! አስተካከለው፣ ልዩነቱ ወዲያው ተሰማኝ።

ቀጥሎ ያለው ብሶቴ የባሰ ነው። እዚህ አገር ሞተር ማስጮህ ነውር ነው። ትንሽ ዙሩ ከፍ ሲል የተሳፈረው ሁሉ «ኧረ ሞተሩን ገደልከው! ማርሽ ቀይርለት!» ይላል። ያ የጠቀስኩት ሞተር ከፍተኛ የመጎተት ጉልበቱን የሚሰጠው በደቂቃ 4,000 ዙር አካባቢ ነው። በ1,500 ዙር ዳገት ካልወጣህ ብሎ ማስጨነቅ ነው ሞተር መግደል። የእኔ አውቶማቲክ ነው። ማርሽ መምረጫው ጎን ያለችውን የኦቨርድራይቭ (የከፍተኛው ማርሽ) ቁልፍ አጠፋለሁ፣ መታጠፊያው ሲጠብ ወደ 2 አወርዳለሁ። ሞተሩ ይጮሃል። ይጩህ! የተሠራው ለዚያ ነው። ሙቀት መለኪያው ቦታው ላይ እስካለ ድረስ ምንም አይሆንም። አማቴ ግን እስካሁን አላመኑኝም። «ልጄ፣ እያለቀሰ እኮ ነው» ይላሉ።

ጎማው ደግሞ አለ። የቀድሞው ባለቤት መኪናውን ከፍ ላድርገው ብሎ ነው መሰለኝ ትልቅ ጎማ አስገብቶበታል። የፋብሪካው ልክ 215/70 በ16 ነው። ያለው 235/70 ነው። ዙሪያው በ4 በመቶ ይበልጣል። ይሄ ማለት እያንዳንዱ ማርሽ በ4 በመቶ ረዝሟል ማለት ነው። መነሻ ላይ እንደገና ጉልበት ተቀነሰ። አየሩ ሲወስድ፣ ክብደቱ ሲወስድ፣ ጎማው ሲወስድ ምን ሊተርፍ?

ወደ ልኩ ልመልስ ብዬ ጎማ ቤት ስሄድ ደግሞ «የፊቶቹን ሁለት ብቻ ቀይር፣ ገንዘብህን ምን አቃጠለህ» ይሉኛል። ሁልጊዜ በአራቱም በሚጎትት መኪና ላይ! የፊቱና የኋላው ጎማ መጠን ከተለያየ መሃል ያለው ዲፈረንሻል ልዩነቱን ሲያቻችል ይውላል፣ ይግላል፣ ያልቃል። ከዚያ እሱን ማን ይገዛልኛል? ጎማ ቤቱ?

ሰሞኑን ሐረጎ ላይ አንድ የኤሌክትሪክ መኪና በጎኔ አለፈኝ። ድምፅ የለው። ጭስ የለው። ሞተሩ ሙሉ ጉልበቱን ከቆመበት ጀምሮ ይሰጣል፣ ስስ አየር ምኑም አይደለም። ከ2024 መጀመሪያ ጀምሮ በቤንዚን የሚሄድ የቤት መኪና ማስገባት ተከልክሏል፤ ስለዚህ ይሄን ሸጬ ተርቦ ያለው ሌላ ላስመጣ ብል አይሆንም። አገር ውስጥ ያለውን ዋጋ አታንሱብኝ፣ የደም ግፊት አለብኝ። ልጄ ደግሞ «አባ፣ እኛስ መቼ ነው እንደሱ የምንሄደው?» ትላለች። ዝም በይ፣ መንገዱን እዪ።

በሉ ደሴ ወይ ኮምቦልቻ ያላችሁ፣ 215/70 በ16 ጎማ፣ አራቱም አንድ ዓይነት፣ ያለው ሰው ዋጋውን በውስጥ መስመር ይላክልኝ። ሁለት ብቻ ያላችሁ አትድከሙ። ሳጥን የምትሸጡም እንደዚሁ።