እርማት፦ ጨውና ኮምጣጤ የዕፅዋትን ቀለም በሱፍ ላይ አያጸኑም

የብርዱ ወራት ሲቃረብ በእጃቸው የፈተሉትን ሱፍ ቤት ውስጥ ቀለም ለሚነክሩ ሰዎች «በጨውና በኮምጣጤ ዘፍዝፉት፤ የቀይ ሥርም ሆነ የእርድ ቀለም ከዚያ ወዲያ አይለቅም» የሚል ምክር በብዛት እየተሰጠ ነው። ምክሩ በቅን ልቦና የተሰጠ ቢሆንም ትክክል አይደለም። ኮምጣጤ ሱፍ በፋብሪካ የአሲድ ቀለም ሲነከር፣ ጨው ደግሞ ጥጥ በአንዳንድ የፋብሪካ ቀለሞች ሲነከር በእርግጥ ያግዛሉ፤ ስህተቱም የመነጨው ከዚህ ይመስለኛል። አብዛኞቹን የዕፅዋት ቀለሞች ከሱፍ ጋር የሚያስተሳስረው ግን አሉም የሚባለው በውኃ የሚሟሟ የአሉሚኒየም ውህድ ነው፤ ለ100 ግራም ደረቅ ሱፍ ከ10 እስከ 15 ግራም የሚሆነውን በሙቅ ውኃ አሟሙቶ ክሩን እንዳይፈላ እየተጠነቀቁ ለአንድ ሰዓት ያህል ማሞቅ ያስፈልጋል። ቀይ ሥርና እርድ በአሉምም ቢሆን ብርሃን አይችሉም፤ የሽንኩርት ልጣጭ ከእነርሱ ይሻላል።

ማረጋገጥ የሚፈልግ ሰው በሁለቱም መንገድ የተነከረ ክር በካርቶን ላይ ጠምጥሞ ግማሹን በአሉሚኒየም ወረቀት ይሸፍንና ፀሐይ በሚገባበት መስኮት ላይ ለሁለት ሳምንት ያስቀምጠው፤ የብርዱ ወቅት ፀሐይ ደካማ ከሆነ ጊዜውን ያርዝም። ሽፋኑ ሲነሳ ልዩነቱ በዓይን ይታያል። ይህን ሙከራ ከሹራቡ በፊት ማድረግ፣ ብዙ ሳምንታት የተፈተለ ክር ከተሠራ በኋላ ከመገርጣት ያድነዋል።