የኮሌስትሮል ኪኒን ስትሰጡን የጎንዮሽ ጉዳቱንም ንገሩን

ደሴ ውስጥ እግሩን የሚያመው ሰው ምክንያት አያጣም። ዳገቱ አለ፣ የጦሳ ተራራ ብርድ አለ፣ ሪህ አለ፣ ዕድሜም አለ። ስለዚህ አንድ ሰው የኮሌስትሮል ማውረጃ ጀምሮ ሁለት ጭኑ ቢዝልና ቢጠዘጥዘው ኪኒኑን አይጠረጥርም። ወይም አንድ ቀን ጎረቤት መጥቶ «ይሄ መድኃኒት ጉበት ይጨርሳል» ይለዋል፤ ኪኒኑ በዚያው ይቆማል። ሁለቱንም አይቻለሁ። የሁለቱም መነሻ አንድ ነው፦ መድኃኒቱ ሲሰጥ ስለ ጎንዮሽ ጉዳቱ የተነገረ ነገር የለም።

ፋርማሲ መስኮት ላይ የሚሆነውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ባለሙያዋ ስትሪፑን በመቀስ ትቆርጣለች፣ ትንሽ ፖስታ ውስጥ ትከታለች፣ ላዩ ላይ «ማታ 1» ብላ ትጽፋለች። የመመሪያው ወረቀት ካርቶኑ ውስጥ ይቀራል። ከኋላ ሰው ቆሟል፤ ታማሚው ለመጠየቅ ያፍራል። ሥራ እንደሚበዛባቸው አውቃለሁ። ግን ዋና ዋናውን ለመናገር ሁለት ደቂቃ ይበቃል።

ዋናው ምንድነው? አቶርቫስታቲን፣ ሲምቫስታቲን፣ ሮሱቫስታቲን የሚባሉት ሁሉ ስታቲን ናቸው። ጉበት ኮሌስትሮል የሚያመርትበትን መንገድ ይገታሉ፤ በዚህም ድንገተኛ የልብ ሕመምን (ሃርት አታክ) እና ስትሮክን ይከላከላሉ። ብዙ ሰው ያለ ችግር ይወስዳቸዋል። አንዳንዱን ግን ጡንቻው ያመዋል፤ አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱንም ጭን ወይም ሁለቱንም ትከሻ ነው። የጉበት ምርመራ ውጤት ከፍ ሊል ይችላል። በተለይ ለስኳር በሽታ ቀረብ ባለ ሰው ላይ ስኳሩ ትንሽ ሊጨምር ይችላል። ማርገዝ ያሰበች ሴት አስቀድማ ለሐኪሟ መንገር አለባት። እጅግ አልፎ አልፎ ደግሞ ጡንቻ ይፈርስና ኩላሊትን ይጎዳል። ሽንት እንደ ጠቆረ ሻይ ከሆነና ሰውነት ከደከመ ቀጠሮ አይጠበቅም፤ በዚያው ቀን ሆስፒታል መሄድ ነው።

«ብንነግራቸው ፈርተው ያቆማሉ» የሚሉ ሐኪሞች አሉ። ስጋታቸው ከመሬት የተነሳ አይደለም። በ2020 እንግሊዝ ውስጥ የወጣ ጥናት ስታቲን አሞን አቆምን ያሉ 60 ሰዎችን ወስዶ፣ አንድ ወር እውነተኛውን ኪኒን፣ ሌላ ወር መድኃኒት የሌለበትን አስመሳይ ኪኒን፣ ሌላ ወር ምንም ሳይሰጥ ተከታተላቸው። ከሕመማቸው 90 በመቶው አስመሳዩን ሲወስዱም ነበር። ፍርሃት ራሱ ያማል ማለት ነው። እኔ ግን ከዚህ ጥናት ይበልጥ የገረመኝ ቀጥሎ የሆነው ነው። ውጤታቸው ተገልጦ ለየራሳቸው ሲነገራቸው፣ ከስድስት ወር በኋላ ግማሾቹ ወደ መድኃኒቱ ተመልሰው ነበር። የመለሳቸው መነገሩ ነው። ዝምታው ቦታውን ለጎረቤት ወሬ ይለቃል፤ ከዚያ ወዲያ ነጭ ሽንኩርት በማርና ጥቁር አዝሙድ ኪኒኑን ይተካሉ።

ረመዳን ሲገባ የሚያቋርጡም አሉ። አያስፈልግም። በቀን አንዴ የሚወሰድ መድኃኒት ነው፤ ካፈጠሩ በኋላ ይዋጣል።

በጣም የሚያሳስበኝ የመድኃኒት መደራረብ ነው። ጨጓራ የማያመው ሰው እዚህ አገር ጥቂት ነው። ለጨጓራ ባክቴሪያ ከሚታዘዙት አንዱ ክላሪትሮማይሲን ነው። ይህ መድኃኒት ከሲምቫስታቲን ጋር ፈጽሞ አይወሰድም፤ ስታቲኑን ደም ውስጥ ያከማቸውና ጡንቻን ለጉዳት ያጋልጣል። ለደም ግፊት የሚሰጠው አምሎዲፒን ካለም የሲምቫስታቲን መጠን ከ20 ሚሊግራም ማለፍ የለበትም። ደሴ የታዘዘለትን ኮምቦልቻ ወርዶ የሚገዛ ሰው ብዙ ነው፤ እዚያ ያለው ፋርማሲ ሰውየው ቤት ያለውን ሌላ ኪኒን በምን ያውቃል? ስለዚህ እናንተ ባለሙያዎች «ሌላ የምትወስዱት ምን አለ?» ብላችሁ ጠይቁ። እኛም ያለንን ኪኒን ሁሉ በፌስታል ይዘን እንምጣ። ሕመም ከተሰማን ደግሞ ሐኪሙ መጠኑን ሊቀንስ ወይም በሌላ ስታቲን ሊለውጥ ይችላልና፣ በራሳችን ከማቆማችን በፊት ሄደን እንንገረው።