ቻርተሩ ከመደርደሪያው ጀርባ ነው

ባለፈው ወር የእናቴን ቤት ካርታ ለማስተካከል አንድ መሥሪያ ቤት ስመላለስ ሰነበትኩ። ጉዳዩ ትንሽ ነው። ካርታው ላይ የአያቴ ስም በአንድ ፊደል ተሳስቷል። የተሳሳቱት እነሱ ናቸው፣ የምመላለሰው ግን እኔ ነኝ። የመጀመሪያ ቀን ባለሙያዋ ስብሰባ ላይ ናት ተባልኩ። ሁለተኛ ቀን ሲስተም የለም። ሦስተኛ ቀን ሲስተሙ መጣ፣ ፋይሉ ጠፋ። አራተኛ ቀን ፋይሉ ተገኘ፣ ፈራሚው ደግሞ መስክ ወጡ።

አራት ቀን አንድ አግዳሚ ላይ የተቀመጠ ሰው መጨረሻው ግድግዳ ማንበብ ነው። ፊት ለፊቴ ትልቅ ሠንጠረዥ ተሰቅሏል፣ ከላዩ «የዜጎች ቻርተር» ይላል። የመንግሥት ቢሮ የረገጠ ሁሉ ያውቀዋል። በግራ የአገልግሎቱ ዓይነት፣ ቀጥሎ የሚያስፈልጉ ሰነዶች፣ ከዚያ የሚፈጀው ጊዜ፣ መጨረሻ ላይ ክፍያው። እኔ ማየት የቻልኩት ግን የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ብቻ ነው። ጊዜውንና ክፍያውን የያዘው ግማሽ ላይ የፋይል መደርደሪያ አስጠግተውበታል። ሆን ብለው ነው አልልም። ክፍሉ ጠባብ ነው፣ መደርደሪያውም የሆነ ቦታ መቆም አለበት። ግን አራት ግድግዳ እያለ እዚያ?

ግቢው በር ላይ፣ ፎቶ ኮፒ ቤቱ አጠገብ፣ ያንን የተጋረደ ግማሽ በቃሉ የሚያውቅ ልጅ አለ። ጉዳይ ገዳይ ነው። በእጄ የያዝኩትን ወረቀት አየት አደረገና «ስም ማረሚያ ነው? 3,000 ካለህ ነገ ከሰዓት ትወስዳለህ» አለኝ። ዋጋው ቁርጥ ነው፣ ቀጠሮው ቁርጥ ነው፣ ቃሉንም ይጠብቃል ይላሉ። ከቢሮው ይልቅ ግልጽነት ያለው እሱ ጋ ነው። የተናደድኩት ያኔ ነው። ልጁ የሚሸጠው አገልግሎቱን አይደለም፣ አገልግሎቱማ የእኛው ነው። የሚሸጠው መረጃውን ነው። መቼ እንደሚያልቅ፣ ማን እንደሚፈርም፣ የትኛው ወረቀት እንደሚጎድል። ውስጥ በነጻ ሊነበብ የሚገባው ነገር ይጋረድና ውጭ በ3,000 ብር ይቸበቸባል።

ስለ ሙስና ስናወራ ሁልጊዜ ስለ ሌባው ነው የምናወራው። ማን ስንት በላ፣ ቪላው የት ነው፣ መኪናው ምንድን ነው። ስለተጋረደው ሠንጠረዥ ግን የሚያወራ የለም። እኔ ደግሞ ነገሩ ሁሉ የሚጀምረው ከእሱ ነው ባይ ነኝ።

ንጹሕ መስዬ እንዳልቀርብ የራሴንም ልናገር። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለሌላ ጉዳይ ከፍያለሁ። የከፈልኩት ሳያንስ ማታ ቡና ላይ ለጓደኞቼ እንደ ጀብዱ አወራሁት። «ሰው አለኝ፣ በአንድ ቀን ጨረስኩ።» ማንም አልነቀፈኝም። እንዲያውም አንዱ የልጁን ስልክ ቁጥር ተቀበለኝ። ሰጪም ተቀባይም በሕጉ ወንጀለኛ መሆናቸውን ሁላችንም እናውቃለን፣ ግን ያንን ገንዘብ ጉቦ ብሎ የሚጠራው የለም። ሻይ ነው። ከድሮም ስም ስናወጣለት የኖርነው ነገር ነው፤ እጅ መንሻ፣ መማለጃ፣ አሁን ደግሞ ሻይ። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውን ተረት የፈጠሩት ሹሞቹ አይመስሉኝም። እኛው ነን። እየሳቅን ነው ያወረስነው።

ሌላም ያወረስነው አለ፣ «ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ»። ሕገ መንግሥቱ ይሄንን ተረት በቀጥታ የሚገለብጥ አንቀጽ አለው፣ አንቀጽ 12። ሦስት ንዑስ አንቀጽ ብቻ ነው። የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ ይሁን፣ ኃላፊነቱን ያጓደለ ኃላፊም ሆነ ተመራጭ ይጠየቅ፣ ሕዝብ እምነት ያጣበትን ተወካይ ከቦታው ሊያነሳው ይችላል። ከ1987 ጀምሮ እዚያ ተቀምጧል። ስንቶቻችን የወረዳችንን የምክር ቤት ተወካይ ስም እንኳ እናውቃለን? እኔ አላውቅም ነበር። ጠይቄ ነው ያወቅኩት፣ እሱም ይሄንን ጽሑፍ ልጽፍ ስል።

ግልጽነት ሲባል ትልቅና ደረቅ ቃል ይመስላል። ስለዚህ አንድ ሁላችንም የምናስታውሰውን ነገር ላንሳ። ሐምሌ 1 ቀን 2014 አዲስ አበባ ውስጥ የኮንዶሚኒየም ዕጣ ወጣ። 18,648 የ20/80፣ 6,843 የ40/60፣ በድምሩ 25,491 ቤት። ሲጠብቁ ከነበሩት ውስጥ ከ1997 ጀምሮ የተመዘገቡ አሉ። ጎረቤታችን አንዷ ናት። እንጀራ እየጋገረች በየወሩ ባንክ የምትሄድ፣ የቁጠባ ደብተሯን በፌስታል ጠቅልላ ከመጽሐፍ ቅዱሷ ሥር የምታስቀምጥ ሴት። ያን ቀን ዕጣው ሳይወጣላት ቀረ። «እግዜር ያላለው ነው» ብላ ሥራዋን ቀጠለች።

ከቀናት በኋላ ከተማ አስተዳደሩ ራሱ ዕጣው ተጭበርብሯል ብሎ ሰረዘው። ብቁ የሆኑት ቆጣቢዎች 79 ሺህ ገደማ ሆነው ሳለ ወደ ሲስተሙ የገባው ከ172 ሺህ በላይ ሰው ነበር። ኃላፊና ባለሙያዎች ታሰሩ። ዕጣው ከወራት በኋላ እንደገና ወጣ።

ሁለቱን ቁጥሮች እስቲ ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። 79 ሺህ እና 172 ሺህ። ይሄንን ለመያዝ መርማሪ አያስፈልግም፣ የሂሳብ ሊቅም አያስፈልግም። የዕጣው ዕለት ጠዋት የቆጣቢዎቹን ዝርዝር የሚልከው ባንክ «እኔ የላክሁት ይሄን ያህል ሰው ነው» ብሎ ቢለጥፍ፣ ዕጣ አውጪው ደግሞ «እኔ ጋ የገባው ይሄን ያህል ነው» ብሎ ቢለጥፍ፣ እንጀራ ጋጋሪዋ ጎረቤቴ ራሷ ትይዘው ነበር። እሷ እኮ በየቀኑ ስንት እንጀራ እንደወጣና ስንት እንደተሸጠ የምታስተያይ ሰው ናት። ማጭበርበሩ የተራቀቀ ስለነበር አይደለም ሊሆን የበቃው። ሁለቱን ቁጥሮች አንድ ላይ የሚያይ ተራ ሰው አልነበረም፣ በቃ።

በነገራችን ላይ ያ ዕጣ በእጅ አልወጣም። በኮምፒውተር ነው። ይሄንን የማነሳው አሁን አሁን «ዲጂታል ከሆነ ሙስና ይጠፋል» የሚል ወሬ ስለበዛ ነው። ፋይዳም ሆነ መሶብ የሚባለው የአንድ ማዕከል አገልግሎት ሰልፍና ምልልስ ከቀነሱ እሰየው፣ እኔም ደስ ይለኛል። ኮምፒውተር ግን የሰጡትን ነው የሚቆጥረው። 172 ሺህ ካስገቡበት 172 ሺህ ያጫውታል፣ ፊቱን እንኳ አያጨማድድም።

ትልቁም ሌብነት የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው። ኅዳር 2011 ላይ የያኔው ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ሜቴክ፣ ማለትም የመንግሥቱ የብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን፣ ያለ ጨረታ 37 ቢሊዮን ብር የሚያወጣ የውጭ ግዥ መፈጸሙን ሲናገሩ አገሩ ሁሉ ቴሌቪዥን ላይ ተተክሎ ነበር። እኔም ነበርኩ። እንደ ተከታታይ ድራማ ነው ያየነው። ዛሬ ማን ተያዘ፣ ነገ ማን ይያዛል። ግን 37 ቢሊዮን ብር በአንድ ሌሊት አይወጣም። ዓመታት ነው የፈጀው። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ውሉን አሳዩን፣ ጨረታው የታለ ያለ ድምፅ ቢኖር እንኳ ወደ ጆሯችን አልደረሰም። የያኔው ጠያቂ ምን ሊገጥመው ይችል እንደነበር አልዘነጋሁም። የምለው፣ ተጠያቂነት እስሩ ላይ ሲጀመር ገንዘቡ ከሄደ በኋላ ነው።

የፌዴራል ዋና ኦዲተር በየዓመቱ ለተወካዮች ምክር ቤት ሪፖርት ያቀርባል። ሰምታችሁት ታውቃላችሁ? ቃላቱ አይለወጡም። ያልተወራረደ ተሰብሳቢ፣ ያልተሰበሰበ ገቢ፣ ከግዥ ሥርዓት ውጭ የተፈጸመ ግዥ፣ ማስረጃ ያልቀረበበት ወጪ። የመሥሪያ ቤት ኃላፊዎች ቋሚ ኮሚቴው ፊት ቀርበው ላባቸውን ሲጠርጉ ማየት ደስ ይላል፣ አልዋሽም። ግን በዓመቱ ያው መሥሪያ ቤት በያው ግኝት ሲመለስ ታያለህ። ያንን ሪፖርት የሠፈር ዕድር ሂሳብ የምንከታተለውን ያህል ብንከታተለው ኖሮ አገር ይለወጥ ነበር። የዕድር ገንዘብ ያዥ 500 ብር ቢጎድልበት እኮ ሰው አይተኛም! ለምን? የዕድሩ ገንዘብ የኔ ነው እንላለን። የመንግሥቱን «የመንግሥት ነው» እንላለን። የመንግሥት ማለት ደግሞ በኛ ቋንቋ የማንም ማለት ሆኗል።

መጠየቂያው መንገድ በሕግ አለ። አዋጅ ቁጥር 590/2000 ማንኛውም ሰው ከመንግሥት መሥሪያ ቤት መረጃ የመጠየቅ መብት አለው ይላል። መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀን ውስጥ መልስ መስጠት አለበት፣ ከከለከለም ምክንያቱን ይናገራል፣ አቤቱታው ወደ እንባ ጠባቂ ተቋም ይሄዳል። የባለሥልጣናትን ሀብት የሚያስመዘግበው የ2002 አዋጅም አለ። ሹመኛ ሀብቱን ያስመዘግባል፣ የተመዘገበው መረጃም ለሕዝብ ክፍት ነው ይላል ሕጉ፣ የቤተሰቡ ካልሆነ በቀር። ቁልፉ ግን ሳጥኑ ውስጥ የተቆለፈበት ዓይነት ነገር ነው። አንድ ሚኒስትር ሲሾም ምን ነበረው፣ ሲወርድስ ምን አለው የሚለውን ጋዜጣ ላይ አንብቤ አላውቅም። መንግሥት ከልቡ ከሆነ ይሄንን ማንም ሳይጠይቀው ድረ ገጽ ላይ ይለጥፈው። አዲስ ኮሚቴ ከማቋቋም ይቀልላል። ኅዳር 2015 ላይ ሰባት አባላት ያሉት ብሔራዊ የፀረ ሙስና ኮሚቴ ሲቋቋም የኮሚቴ ችግር ኖሮብን ያውቃል እንዴ ብዬ ነበር።

አሁን «አንተ ደፋር፣ እስቲ ሄደህ ጠይቅ» የሚለኝ ሰው እንዳለ አውቃለሁ። ልክ ነው። ጎመን በጤና ያለው ሕዝብ ፈሪ ስለሆነ አይደለም፣ ብዙ አይቶ ነው። የጠቋሚዎችና የምስክሮች ጥበቃ አዋጅ ከ2003 ጀምሮ አለ፣ ግን አለቃውን የጠቆመ የሂሳብ ሠራተኛ ማግስቱን ወደ ሩቅ ቅርንጫፍ ሲዛወር አዋጁ አብሮት አይሳፈርም። ደግሞ ለልጇ የልደት ካርድ 200 ብር ሻይ የሰጠችን እናት በቢሊዮን ከሚበላው ጋር አንድ ላይ አሰልፎ «ሁላችንም ሙሰኞች ነን» የሚለው ስብከት ያናድደኛል። አንድ አይደለንም። እሷ ተዘርፋ ነው የሰጠችው። ስለዚህ ማንም ብቻውን ጀግና ይሁን አልልም። ግን ሠንጠረዥ ማንበብ ጀግንነት አይጠይቅም። ደረሰኝ አምጣ ማለትም እንደዚያው። አሥር ሰው አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ አንዱ «ይሄ ነገር ስንት ቀን ነው የሚፈጀው?» ሲል ዘጠኙ ጣራ ጣራውን ካላዩ ነገሩ ሌላ ነው።

አምስተኛው ቀን ላይ ለልጁ አልከፈልኩትም። ከቆራጥነት አይደለም፣ እልህ ነው። ገባሁና የስልኬን መብራት አብርቼ በመደርደሪያውና በግድግዳው መሃል አንገቴን አሾለኩ። ዘበኛው «ወንድም፣ ፎቶ ክልክል ነው!» ብሎ መጣ። ፎቶ አይደለም፣ እያነበብኩ ነው አልኩት። ግራ ገባው። ማንበብ ክልክል መሆን አለመሆኑን ማንም አልነገረውም መሰለኝ፣ ቆሞ ያየኝ ጀመር።

አቧራውን በእጄ ጠረግሁት። ተራ ቁጥር 11፣ የስም ስሕተት ማረም። የሚፈጀው ጊዜ፣ 4 ሰዓት። ክፍያ፣ ስሕተቱ የመሥሪያ ቤቱ ከሆነ ያለ ክፍያ።

ጮክ ብዬ ነው ያነበብኩት። ባለሙያዋ ከኮምፒውተሯ ቀና አለች፣ ምንም አላለችም። አግዳሚው ጫፍ ላይ ከዘራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው የተቀመጡ አዛውንት ነበሩ፤ ሁሌም ከኔ ቀድመው ነው የሚመጡት።

«ልጄ» አሉ፣ «እዚያው ሳለህ የኔንም እይልኝ። የውርስ ስም ማዛወር የሚል አለ?»

ከኋላቸው ነጠላ የለበሰች ሴትም ተነሳች። ዘበኛው መደርደሪያውን በአንድ ጎን ያዘና «ቆይ፣ ትንሽ እናስጠጋው» አለኝ።