ባልታለበች ላም ላይ የሚጣል ግብር

ጀርመን አገር የፈረንጆች አዲስ ዓመት በገባ በሁለተኛውና በሦስተኛው ሳምንት በሀበሻው መካከል አንድ ጥያቄ በስልክ ይዞራል። «ምንም ሳልሸጥ፣ አምስት ሳንቲም ሳይገባልኝ፣ ባንኩ 30 ዩሮ ግብር ቆረጠብኝ። ይህ ዘረፋ አይደለም ወይ?» ጠያቂው ብዙውን ጊዜ በፍራንክፈርት አውሮፕላን ማረፊያ ጭነት እያነሳ ወይም በአረጋውያን መጦሪያ ሌሊቱን እያደረ ካገኘው ደመወዝ ቀንሶ፣ በየወሩ 100 ዩሮ ያህል የዓለም አክሲዮኖችን በጅምላ በሚገዛ ፈንድ ላይ የሚያስቀምጥ ሰው ነው። ቁጠባው ያስመሰግነዋል። ንዴቱ ግን ጠጋ ብሎ መታየት አለበት።

ፈንዶች ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው ኩባንያዎች የሚከፍሉትን የትርፍ ድርሻ ሰብስቦ ለባለቤቱ ያከፋፍላል። ሁለተኛው ድርሻውን ለማንም ሳይሰጥ መልሶ አክሲዮን ይገዛበታል። የመጀመሪያው በየጊዜው እንደምትታለብ ላም ነው፤ የሁለተኛዋን ወተት ጥጃዋ ጠጥቶ ያድግበታል። ወገኖቻችን ሁለተኛውን የሚመርጡት ትርፍ በትርፍ ላይ እንዲደራረብ ፈልገው ነው፤ «እጄ ያልገባ ገንዘብ ግብር የለበትም» የሚል እምነትም አለበት። የጀርመን መንግሥት ግን ባልታለበችውም ላም ላይ የሚለው አለው።

እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 2018 ጀምሮ የሚሠራበት ሕግ «ፎራብፓውሻለ» የሚባል ስሌት አምጥቷል፤ አስቀድሞ የሚታሰብ ግምታዊ ገቢ ማለት ነው። ፈንዱ በእውነት ስንት የትርፍ ድርሻ እንዳከማቸ አይመረምርም። ፈንዱ በዓመቱ መጀመሪያ የነበረውን ዋጋ ይወስዳል፣ የገንዘብ ሚኒስቴር በየዓመቱ በሚያወጣው መሠረታዊ የወለድ ምጣኔ ያባዛዋል፣ ከውጤቱም 70 በመቶውን ይይዛል። በ2024 ምጣኔው 2.29 በመቶ ነበር። በዚያ ዓመት መጀመሪያ 10,000 ዩሮ የሚያወጣ ፈንድ የነበረው ሰው ግምታዊ ገቢው 160.30 ዩሮ ይሆናል። ፈንዱ በአብዛኛው አክሲዮን የያዘ ከሆነ ከዚህ ላይ 30 በመቶው ነፃ ይደረግና 112 ዩሮ ከ21 ሳንቲም ይቀራል። 25 በመቶ ግብርና በግብሩ ላይ የሚታከለው የአጋርነት መዋጮ አንድ ላይ 26.375 በመቶ ስለሆኑ፣ የሚቆረጠው 30 ዩሮ ገደማ ነው። ሒሳቡ የሚወራረደው ዓመቱ ካለቀ በኋላ በሚቀጥለው ጃንዋሪ ነው። የስልኩ ጥሪ የሚበዛው በዚህ ምክንያት ነው።

ጥሪው ከ2024 ወዲህ መብዛቱም ያለ ምክንያት አይደለም። በ2021 እና በ2022 መሠረታዊው ምጣኔ ከዜሮ በታች ስለነበር ምንም አልተቆረጠም። ከዚያ በፊት በነበሩት ሁለት ዓመታትም ምጣኔው ከአንድ በመቶ በታች ስለነበር ተቀናሹ ከቡና ሒሳብ አይዘልም ነበር። በእነዚያ ዓመታት መቆጠብ የጀመረ ሰው ግብር የሚባል ነገር መኖሩን ሳያውቅ ቆይቶ ጃንዋሪ 2024 ላይ ደነገጠ። ገንዘቡ ከባንክ ሒሳቡ በቀጥታ ነው የሚወሰደው፤ ፈቃዱን የሚጠይቀው የለም። ሒሳቡ ባዶ ከሆነ ባንኩ ጉዳዩን ለግብር ቢሮ ያሳውቃል።

እኔ ግን ዘረፋ ነው አልልም። ፈንዱ በዓመቱ ውስጥ ካልጨመረ ግምታዊው ገቢ ዜሮ ነው፤ የጨመረው ከስሌቱ ካነሰም የሚያዘው ትክክለኛው ጭማሪ ነው። ባለቤቱ ከዓመታት በኋላ ሲሸጥ ደግሞ በየዓመቱ የተቆጠረበት ግምታዊ ገቢ በሙሉ ከትርፉ ላይ ይቀነስለታል። አንድ ትርፍ ሁለት ጊዜ አይገበርም፤ ከፊሉ ቀድሞ ተከፈለ እንጂ። ከ2018 በፊት የነበረውን የሚያስታውሱ ሰዎች ቢጠየቁ ያሁኑን ያመሰግናሉ። ያኔ ውጭ አገር የተመዘገበ አከማቺ ፈንድ ያለው ሰው የተከማቸውን ድርሻ በየዓመቱ ራሱ አስልቶ ማስታወቅ ነበረበት። ሲሸጥ ባንኩ እንደገና ይቆርጥበታል፣ እርሱም የዓመታት ወረቀት ተሸክሞ ሄዶ «ይህንንማ ከፍያለሁ» እያለ ይከራከራል።

እንዲያውም ከጠያቂዎቹ መካከል ብዙዎቹ 30 ዩሮውንም መክፈል የለባቸውም ነበር። የጀርመን ሕግ ለአንድ ሰው በዓመት 1,000 ዩሮ፣ ለባልና ሚስት 2,000 ዩሮ የካፒታል ገቢ ከግብር ነፃ ያደርጋል። ይህ ግን በራሱ አይመጣም፤ ለባንኩ አንድ ቅጽ መሙላት ያስፈልጋል። በመተግበሪያው ውስጥ ሁለት ደቂቃ የማይፈጅ ነገር ነው። ወገኔ የፈንዶችን ስምና ቁጥር በቃሉ እየወረደው ያችን ቅጽ አያውቃትም። ሌላም አለ። መጀመሪያ አገሩ ገብቶ ሲመዘገብ በሃይማኖት መጠይቁ ላይ «ወንጌላዊ» ብሎ የሞላ የመካነ ኢየሱስ ልጅ፣ የጀርመን ፕሮቴስታንት ቤተ ክርስቲያን አባል ተደርጎ ይቆጠርና እንደየክፍለ ግዛቱ የግብሩን 8 ወይም 9 በመቶ ለቤተ ክርስቲያን ሲከፍል ይኖራል፤ በፈንዱ ግብርም ላይ ጭምር።

ለንደን ያሉት ዘመዶቻችን ከዚህ የባሰ ሥራ አለባቸው። እዚያ ግምት የለም፤ አከማቺው ፈንድ መልሶ ያዋለው እውነተኛው የትርፍ ድርሻ ለባለቤቱ እንደተከፈለ ይቆጠራል፣ የሚያስታውቀውም ባለቤቱ ራሱ ነው። ከግብር ነፃ የሆነው የትርፍ ድርሻ መጠን በ2016 5,000 ፓውንድ ነበር፤ ቀስ በቀስ ተሸርሽሮ በ2024 500 ደርሷል። መጠለያቸው በዓመት እስከ 20,000 ፓውንድ የሚገባበት ከግብር ነፃ የሆነ የቁጠባ ሒሳብ ነው፤ ብልጡ ፈንዱን የሚይዘው እዚያ ውስጥ ነው።

ወደ አገር ቤት ልምጣ። እኛም ዘንድ መልሶ የሚውል የትርፍ ድርሻ አለ፤ ስሙ ፈንድ አይደለም እንጂ። ኅዳር ላይ አዲስ አበባ ውስጥ የባንኮች የባለአክሲዮኖች ጠቅላላ ጉባኤ ሲካሄድ አዳራሽ የገባ ሰው ያውቀዋል። የቦርዱ ሊቀመንበር ካፒታል ለማሳደግ የዘንድሮው ትርፍ ወደ አክሲዮን እንዲለወጥ ሐሳብ ያቀርባሉ። ከኋላ ረድፍ ነጠላ ያጣፉ እናት ተነሥተው «እኔ ለቤት ኪራይና ለልጆች ትምህርት ቤት ያሰብኩትን እኮ ነው የምትወስዱት» ይላሉ። ይጨበጨብላቸዋል። ከዚያ ድምፅ ይሰጥና ብዙ አክሲዮን ያላቸው ያሸንፋሉ። ብሔራዊ ባንክ በ2013 ዓ.ም. ዝቅተኛውን የባንክ ካፒታል ከ500 ሚሊዮን ወደ 5 ቢሊዮን ብር አሳድጎ እስከ ሰኔ 2018 ዓ.ም. ቀነ ገደብ በመስጠቱ፣ ያ ክርክር በብዙ አዳራሾች ተደጋግሟል።

የግብር ሕጋችን በዚህ ላይ የያዘው አቋም ከጀርመኑ ተቃራኒ ነው። የገቢ ግብር ዐዋጅ ቁጥር 979/2008 ሲወጣ በትርፍ ድርሻ ላይ 10 በመቶ ጥሎ፣ ከፋዩ ድርጅት ከምንጩ እንዲቀንስ አዘዘ። ሳይከፋፈል የቀረ ትርፍ ደግሞ መልሶ ሥራ ላይ ካልዋለ ይገበርበታል ይላል። ጀርመን እያደገ ያለውን ገንዘብ ትቀጣዋለች ባይባልም አትለቀውም፤ የእኛ ሕግ የሚቀጣው ተቀምጦ የሚያንቀላፋውን ነው። ካፒታል ላጠራት አገር ይህ አቋም ያስኬዳል። የሚጎድለው የባለቤቱ ምርጫ ነው። ፍራንክፈርት ያለው ሰው አከፋፋዩንና አከማቺውን ፈንድ ጎን ለጎን አይቶ አንዱን ይጫናል። እኚያ እናት ግን አከማቺው የተመረጠላቸው በሌሎች ድምፅ ነው።

አሁን ወደዚያ በጃንዋሪ ወደሚደውለው ሰው ልመለስና አንድ ጥያቄ ልጠይቀው፤ አገር ቤት የባንክ አክሲዮን አለህ ወይ? ብዙውን ጊዜ አለው። የሌላ አገር ዜግነት የወሰዱ ትውልደ ኢትዮጵያውያን በ2008 ዓ.ም. አክሲዮናቸውን እንዲለቁ ተገድደው፣ በ2011 ዓ.ም. ሕጉ ሲሻሻል እንደገና በሩ ተከፍቶላቸዋል። ኢትዮጵያዊ ፓስፖርቱን የያዘው ደግሞ ከመጀመሪያውም አልወጣም። በ30 ዩሮ የሚናደደው ሰው አገር ቤት በስሙ የተከፈለለትንና በወንድሙ ውክልና ተጨማሪ አክሲዮን የተገዛበትን የትርፍ ድርሻ ገቢ ነው ብሎ አስቦት አያውቅም። ጀርመን ግን ነዋሪዋን የምታስገብረው ከየትም አገር ባገኘው ገቢ ላይ ነው። የኢትዮጵያ ባንክ ለጀርመን መንግሥት ግብር ስለማይቀንስ፣ ባለአክሲዮኑ ራሱ በዓመታዊው የግብር ማስታወቂያ በካፒታል ገቢ ቅጽ ላይ መጻፍ አለበት። አገር ቤት በሕጉ መሠረት የተቆረጠበት ግብር ይታሰብለታል፤ ለዚህ ግን ማስረጃ ያስፈልጋል። የባንኩ ወረቀት ደግሞ በአማርኛ የተጻፈ፣ ቀኑ በእኛ አቆጣጠር የሆነ፣ በጀት ዓመቱም በሰኔ የሚዘጋ ነው።

የብሩ ነገርም ይጨመራል። የግብር ቢሮው የሚያየው ድርሻው የተከፈለበትን ቀን ምንዛሬ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሬ ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ ብዙ ሰው በብር ያደገ ድርሻ ይዞ በዩሮ ሲመነዝረው ከቀድሞው አንሶ አግኝቶታል፤ በጀርመን ሕግ ፊት ገቢው ቀነሰ ማለት ነው። ከፈንዱ ጋር ተደምሮ 1,000 ዩሮ ካልሞላ ግብር ላይኖረው ይችላል። ወንድሙ ከአዲስ አበባ የድርሻውን ማስረጃ ፎቶ አንሥቶ ቢልክለት ሥራው ግማሹ አለቀ፤ ከዚያ ወዲህ ያለው የጁላይ 31 ቀነ ገደብ ሳያልፍ ቁጭ ብሎ መሙላት ነው።