ማስተካከያ፦ ክብራን ገብርኤል ሴቶች አይገቡም

ከደብረ ብርሃን ተነስተን ጣናን በጀልባ ስለምንጎበኝበት ጉዞ ባለፈው ስጽፍ፣ «ክብራን ገብርኤል ወንድም ሴትም ይገባል» ብዬ ነበር። ተሳስቻለሁ። ደሴቱ የወንዶች ገዳም ነው፤ በገዳሙ ሥርዓት መሠረት ሴቶች አይገቡም። ያረምኩት እዚያው ባሕር ዳር ካሉ አስጎብኚዎች ጠይቄ ነው።

ስለዚህ የጀልባው መስመር ተቀይሯል። ክብራንን ትተን ሁላችንም ወደ ዘጌ፣ ዑራ ኪዳነ ምሕረት እንሄዳለን። እዚያ ሴቶችም ይገባሉ። ከጀልባ ወርዶ በቡናው ጫካ ውስጥ ትንሽ በእግር መሄድ አለ። ክቡ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የመቅደሱ ግድግዳ በሥዕል ተሞልቷል፤ እኔ አንገቴ እስኪያመኝ ነው ያየሁት።

ጽሑፉን ለሌላ ያጋራችሁ ይህንንም አድርሱልኝ። የደብረ ብርሃኑን ጋቢ ተዉት፣ ሐይቁ ላይ ፀሐዩ አይቻልም፤ ኮፍያ ያዙ።