ስምን ሥራ አስፈጻሚ ያወጣዋል

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ያሉት አባቶቻችን የሆሊዉድን የንግድ ጥበብ ሳያዩ አልፈዋል። ቢያዩ ኖሮ አንድ ጊዜ ብቻ ስም አውጥቶ ዘወር የሚለውን መልአክ በስንፍና በከሰሱት ነበር። የዋርነር ብራዘርስን ስቱዲዮ በየተራ የተረከቡት አለቆች ግን በዚህ አይታሙም። ኤችቢኦ የተባለውንና ከ1972 ጀምሮ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ቀስ በቀስ በድራማዎቹ የተከበረውን ጣቢያ በኢንተርኔት ለማቅረብ በ2010 ኤችቢኦ ጎ አሉት፤ በ2015 ኤችቢኦ ናው የሚል ሌላ አከሉበት፤ በ2020 ኤችቢኦ ማክስን ወለዱ፤ በግንቦት 2023 ኤችቢኦ የሚለውን ጥለው ማክስ ብቻውን አስቀሩት፤ በሐምሌ 2025 ደግሞ የጣሉትን አንሥተው እንደገና ኤችቢኦ ማክስ አደረጉት። በ2020 ለጥቂት ሳምንታት ጎ፣ ናውና ማክስ ሦስቱም በአንድ ጊዜ በሥራ ላይ ስለነበሩ፣ ደንበኛው ገንዘቡን የሚከፍለው ለየትኛው እንደሆነ ለመለየት ራሱን የቻለ ጥናት ያስፈልገው ነበር። ተመልካችን ሶፋ ላይ እንዳያንቀላፋ መጠበቅ ማለት ይህ ነው።

በ2023 ኤችቢኦ የሚለው ስም የተጣለበት ምክንያት በራሱ የሚያስመሰግን ነው። ስሙ የአዋቂዎች ድራማ ያስታውሳል፤ ልጆች ያሏቸውን ቤተሰቦች ያሸሻል፤ ከዋርነር ጋር ከተዋሐደው ከቴሌቪዥን ኩባንያው ከዲስከቨሪ የመጡትን የቤት እድሳትና የምግብ ዝግጅት ትርኢቶችም አይመጥንም ተባለ። ከሁለት ዓመት በኋላ ስሙ ሲመለስ ደግሞ ተመልካቹ የሚፈልገው ብዛትን ሳይሆን ጥራትን እንደሆነ፣ ጥራት ሲባልም ሰው የሚያስታውሰው ኤችቢኦን እንደሆነ ተገለጸ። ይህን ለማወቅ ሁለት ዓመት ብቻ መፍጀቱ አስደናቂ ፍጥነት ነው። ጠላ ሻጯ በእንጨት ጫፍ ደፍታ ደጃፏ ላይ ያቆመችውን ጣሳ ዕድሜዋን ሙሉ የማትነካው፣ ጣሳውን ካወረደች የጠማው መንገደኛ እንደሚያልፋት ሳትማር ስለምታውቅ ነው። እሷ ግን አማካሪ ድርጅት ቀጥራ አታውቅም፤ ስለዚህ ዕውቀቷ እንደ ዕውቀት አይቆጠርም።

የሕዝብ ሐሜተኛ ታሪኩን ከዛሬዎቹ አለቆች ብቻ ይጀምራል፤ ይህ ለቀደሙት ባለውለታዎች ፍትሐዊ አይደለም። ኤቲ ኤንድ ቲ የተባለው የስልክ ኩባንያ በ2018 የስቱዲዮውና የኤችቢኦ ባለቤት የነበረውን ታይም ዋርነርን በ85 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ሲገዛ፣ ስልክ መደወልና ፊልም መሥራት ከሩቅ ሲያዩአቸው የሚመሳሰሉ ሙያዎች መሆናቸውን ለዓለም አስተምሯል። በእሱ ዘመን፣ በታኅሣሥ 2020፣ ስቱዲዮው የ2021 ፊልሞቹን 17ቱንም በአሜሪካ ሲኒማ ቤት በሚገቡበት ዕለት በኤችቢኦ ማክስም እንደሚለቅ አስታወቀ። ፊልሞቹን ከሠሩት ሰዎች ብዙዎቹ ወሬውን የሰሙት ከሕዝቡ ጋር እኩል ሊባል በሚችል ሰዓት ነው፤ ለባለቤቱ አስቀድሞ ተነግሮት የሚደረግ ነገር ድንገተኛ ደስታውን ያጣልና። ሁለት አሥርት ዓመታት ሊሞላው ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ከዚህ ስቱዲዮ ጋር የሠራው ዳይሬክተር ክሪስቶፈር ኖላን ቅሬታውን በአደባባይ ከገለጸ በኋላ ቀጣዩን ፊልሙን ይዞ ወደ ተፎካካሪው ስቱዲዮ ወደ ዩኒቨርሳል ሄደ። ያ ፊልም፣ «ኦፔንሃይመር»፣ በ2023 ሲኒማ ቤት ገብቶ ከ950 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገባ፤ በመጋቢት 2024ም የዓመቱ ምርጥ ፊልም የሚለውን ጨምሮ 7 ኦስካሮችን ወሰደ። በተረቱ ያለችው ሴት የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች፤ መሬት ላይ ነው የጣለችው። ይህ ስቱዲዮ ግን የብብቱን በጎረቤቱ እጅ ላይ በጥንቃቄ አስቀምጧል። እንዲህ ያለ ጉርብትና ዛሬ የት ይገኛል?

ከሁሉም በላይ ልናወድሰው የሚገባን ግን ያለቀ ፊልም የመቅበር ጥበብ ነው። በሚያዝያ 2022 ዋርነርና ዲስከቨሪ ተዋሕደው ዴቪድ ዛስላቭ ዋና ሥራ አስፈጻሚ ሲሆኑ፣ አዲሱ ኩባንያ ከ50 ቢሊዮን ዶላር በላይ ዕዳ ተሸክሞ ነበር። ዕዳ ያለበት ቤት ዕቃ ይሸጣል፤ ይህ የድሃ ዘዴ ነው። በነሐሴ 2022 ወደ 90 ሚሊዮን ዶላር የወጣበት «ባትገርል» የተባለ ፊልም ቀረጻው ተጠናቆ ወደ መጨረሻው እየተቃረበ ሳለ፣ በሲኒማም በኢንተርኔትም እንዳይታይ ተወሰነ፤ ወጪውም እንደ ኪሳራ ተመዝግቦ ግብር እንዲያቃልል ተደረገ። ከሁለቱ ዳይሬክተሮች አንዱ አዲል ኤል አርቢ ሰርጉን ሊደግስ ሞሮኮ ሄዶ ሳለ ነው መርዶው የደረሰው። የሥራ ባልደረባው ቢላል ፋላህ የሠሩትን ምስል በስልኩ ሊቀዳ ወደ ኮምፒዩተሩ ለመግባት ቢሞክር፣ መግቢያው ተዘግቶ ጠበቀው። ፊልሙን ለሠሩት ሰዎች በስቱዲዮው ግቢ ውስጥ ጥቂት ምስጢራዊ ማሳያዎች መዘጋጀታቸው ያኔ ተዘግቧል፤ ለማሳያዎቹም የቀብር ስም ወጣላቸው። አስከሬኑ ተገንዞ ሳያልቅ ለቀስተኛው እንዲሰናበት መፍቀድ የጨዋ ቤተሰብ ሥርዓት ነው። በዚያው ሰሞን ስለ ውሻው ስኩቢ ዱ የተሠራ ሌላ የአኒሜሽን ፊልም ሲሰረዝ፣ ለሙዚቃ መቅጃ ስቱዲዮና ለሙዚቀኞች አስቀድሞ ተከፍሎ ስለነበር፣ ማንም ለማያየው ፊልም ሙዚቃው እስከ መጨረሻው ተቀዳ።

ነገሩን በእኛ አገር ድግስ ብንመስለው ክብሩ ይበልጥ ይታየናል። በሬው ታርዷል፣ ወጡ በስሏል፣ እንጀራው በየመሶቡ ተደርድሯል፣ ድንኳኑ ተተክሏል። ደጋሹ በዚህ ሰዓት እንግዶቹን በር ላይ አስቁሞ፣ ወጡን ጓሮ ጉድጓድ አስቆፍሮ ይደፋና የበሬውን ዋጋ በጉዳት መልክ ለእድሩ ዳኛ ያመለክታል። ጎረቤት አበደ ይላል፤ የሒሳብ ሠራተኛው ግን ያጨበጭባል።

ጥበቡ በ2023 መጨረሻ እንደገና ተሞክሯል። በዚህ ጊዜ ተረኛው ወደ 70 ሚሊዮን ዶላር የወጣበት «ካዮቲ ቨርሰስ አክሚ» ነበር። ፊልሙ ከገደል መውደቅ የማይሰለቸው ቀበሮ መሰል ፍጡር የተበላሸ ዕቃ ሲሸጥለት የኖረውን ኩባንያ ፍርድ ቤት ስለ መክሰሱ የሚተርክ በመሆኑ፣ ስቱዲዮው ውሳኔውን ሲያስተላልፍ ለየትኛው ተከራካሪ እንደሚያደላ ለመረዳት አያስቸግርም። ይሁን እንጂ የፊልም ሰዎች ጩኸት በረታና ለገዢ እንዲቀርብ ተፈቀደ፤ በ2025ም ኬቸፕ ኢንተርቴይንመንት የተባለ ኩባንያ ገዛው። በግሌ ይህን እንደ ድክመት ነው የማየው፤ የተቀበረ ነገር ገዢ ካገኘ ቀብሩ ምን ትርጉም አለው?

እርግጥ ዕዳው እስከ 2024 መጨረሻ ወደ 40 ቢሊዮን ዶላር ወርዷል፤ ይህን እንኳ ያለ ሽሙጥ እንቀበል። በነሐሴ 2024 የኬብል ጣቢያዎቹ ዋጋ በመዝገብ ላይ በ9.1 ቢሊዮን ዶላር መቀነሱ፣ ዋና ሥራ አስፈጻሚው ግን በዚያው ዓመት ከ51 ሚሊዮን ዶላር በላይ ክፍያ ማግኘታቸው የሚያሳየው፣ በቤቱ ውስጥ ዋጋው ያልቀነሰ ነገር መኖሩን ነው። በሰኔ 2025 አብዛኞቹ ባለአክሲዮኖች ይህን ክፍያ በመቃወም ድምፅ ሰጡ። ድምፁ ምክር እንጂ ግዴታ ስላልሆነ፣ ምክር ለሰጠ ሁሉ በሚገባው አክብሮት ተሰማ።

እዚህ ላይ ደስ የማይል ነገር ማንሣት ግድ ይለኛል። በ2025 ስቱዲዮው ስም ሳይቀይር፣ ሳይቀብርና ሳይዋሐድ፣ እንዲያው በደፈናው ፊልም ሠርቶ ሲኒማ ቤት በማስገባት ብቻ ሰባት ፊልሞች በተከታታይ በመክፈቻቸው ሳምንት መጨረሻ በአሜሪካና በካናዳ እያንዳንዳቸው ከ40 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገቡለት። «ማይንክራፍት» በዓለም ዙሪያ ከ950 ሚሊዮን ዶላር በላይ አመጣ። ዳይሬክተሩ ራያን ኩግለር «ሲነርስ» የተባለው ፊልሙ ባለቤትነት ከ25 ዓመት በኋላ ወደ እሱ እንዲመለስ ሲስማማ፣ ውሉ የስቱዲዮዎችን ፍጻሜ ያመጣል ያሉ ሰዎች ነበሩ፤ ፍጻሜው የፊልሙ ገቢ 360 ሚሊዮን ዶላር አልፎ ሲቆም ታየ። ፊልሞቹን የመረጡት የስቱዲዮው ሁለት ኃላፊዎች፣ ማይክል ዴ ሉካና ፓሜላ አብዲ፣ በዓመቱ መጀመሪያ ላይ ሊባረሩ ነው ተብሎ በሰፊው ሲወራባቸው ነበር። ፊልም የሚሠራ ሰው በፊልም ስቱዲዮ ውስጥ ምን ያህል ለጥርጣሬ እንደሚጋለጥ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አይገኝም።

ደግነቱ ስኬቱ አለቆቹን ከዓላማቸው አላዘናጋቸውም። በሰኔ 2025 በሦስት ዓመት ልፋት የተዋሐደው ኩባንያ ለሁለት እንደሚከፈል ተነገረ፤ በሐምሌም ለሁለቱ ስም ወጣላቸው። ከብዙ ማሰላሰል በኋላ አንደኛው ዲስከቨሪ ግሎባል፣ ሌላው ደግሞ፣ አራት ወንድማማቾች በ1923 እንዳሉት፣ ዋርነር ብራዘርስ ተባለ። ክፍፍሉ ሳይጠናቀቅ ገዢዎች መጡ፤ በታኅሣሥ ኔትፍሊክስ ስቱዲዮውንና ኤችቢኦ ማክስን ለመግዛት መስማማቱን ሲያስታውቅ፣ ሌላው የፊልም ኩባንያ ፓራማውንት በቀናት ውስጥ ኩባንያውን በሙሉ ልግዛ ብሎ በቀጥታ ወደ ባለአክሲዮኖቹ ሄደ። ሽሚያው በማንም ይለቅ በማን፣ የአርማ ሠዓሊዎችና የስም አማካሪዎች ዕረፍታቸውን እንዲያራዝሙ አልመክራቸውም፤ ኤችቢኦ ማክስ በዚህ ስሙ እንደገና ከተጠራ ገና ዓመት ሳይሞላው ነው ገበያ የወጣው።