መርፌው መጀመሪያ ለውሻው

ባለፈው ክረምት መውጫ ላይ የጎረቤቴን ልጅ ውሻ ነከሰው። ሰባት ዓመቱ ነው። ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ዳቦ ገዝቶ ሲመለስ። ውሻው አልጮኸበትም፣ አላሳደደውም። ዝም ብሎ መጥቶ ክንዱን ነከሰውና መንገዱን ቀጠለ።

እኔ ስደርስ አያቱ ቁስሉ ላይ የተፈጨ ቡና ነስንሰውበታል።

«እማማ፣ መታጠብ አለበት» አልኳቸው።

«ተው ልጄ፣ ውሃ እንዳይነካው!»

እጃቸውን ይዤ ለመንኳቸው። በመጨረሻ እሺ አሉኝና ልጁን ቧንቧው ሥር አስቀመጥነው። በሳሙና፣ በሚወርድ ውሃ፣ 15 ደቂቃ። ሰዓት እያየሁ ነው ያጠብኩት። ለሚያለቅስ ልጅ 15 ደቂቃ ስንት እንደሚረዝም ያጠበ ያውቀዋል። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ግን ይህንኑ ነው፤ ሳሙናና ውሃ ቁስሉ ውስጥ የገባውን የእብድ ውሻ በሽታ ቫይረስ በጣም ይቀንሰዋል።

ከዚያ ሩጫ ጀመርን። የመጀመሪያው ጤና ጣቢያ «ክትባቱ አልቋል» አለን። ሁለተኛው «ነገ ጠዋት ተመለሱ» አለን። ሲመሻሽ ሌላ ቦታ ተገኘ። ቁስሉ ዙሪያ የሚወጋው ኢሚዩኖግሎቡሊን የሚባለው መድኃኒት ግን እዚያም የለም። ልጁ ሲወጋ እናቱ ከእሱ ብሳ አለቀሰች። ዛሬ መርፌዎቹን ጨርሶ ደህና ነው፣ ተመስገን። እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ሌላ ነገር ነው። ያን ቀን አምስት ሰው ሥራ ፈትቶ ከተማውን ሲዞር ዋለ። ውሻው ቀድሞ አንድ መርፌ ቢወጋ ኖሮ ይሄ ሁሉ ባልመጣ።

እኛ የመሃል አዲስ አበባ ሰዎች የሐሩር በሽታ ሲባል የሩቅ ነገር ይመስለናል። ወባ የቆላ ነው እንላለን። ካላዛር መተማና ሁመራ ለአረም የወረደ የቀን ሠራተኛ የሚይዘው ነው። ትራኮማ ውሃ የራቀው ገጠር ነው። እውነት ነው፣ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለምንኖር ከብዙ ነገር ተርፈናል። የእብድ ውሻ በሽታ ግን ደጋ ቆላ አይልም። የዓለም ጤና ድርጅት «ትኩረት የሚሹ ሐሩራማ በሽታዎች» ብሎ ከዘረዘራቸው 21 አንዱ ሆኖ እዚሁ በራችን ላይ ይተኛል።

ደግሞ እንግዳ አይደለም። ከተማዋ ከተቆረቆረች ሃያ ዓመት ሳይሞላት፣ በ1895 ዓ.ም.፣ የእብድ ውሻ ወረርሽኝ እንደገባባት ተመዝግቧል። ጉለሌ ያለው ሰፈር ዛሬም ፓስተር ነው የሚባለው፣ ቀድሞ እዚያ በነበረው የፓስተር ኢንስቲትዩት ስም። ሉዊ ፓስተር ክትባቱን ጆሴፍ ማይስተር ለተባለ፣ ውሻ ለነከሰው የዘጠኝ ዓመት ልጅ የሰጠው እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1885 ነው። ከ140 ዓመት በፊት መሆኑ ነው! አዲስ አበባ ያደገ ሰው «ውሻ ነክሶኝ ፓስተር ሄድኩ» የሚል ታሪክ አያጣም። ሆድ ላይ፣ በየቀኑ፣ እያለቀሱ። ያ ከእንስሳት አንጎል የሚሠራ የድሮ ክትባት ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት እንዲቀር የመከረው እ.ኤ.አ. በ1984 ነው። እኛ ጋ ግን ከዚያ በኋላም ለአሥርት ዓመታት ቆየ።

በሽታው እንዴት እንደሚሠራ ላወቀ ሰው ዝም ማለት ይከብዳል። ቫይረሱ ነርቭን ተከትሎ ቀስ እያለ ወደ አንጎል ይጓዛል። ብዙ ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት ወር ይፈጅበታል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ቁስሉ ይሽራል፣ ቤተሰቡ ይረሳዋል። ንክሻው ፊት ወይም ጭንቅላት አካባቢ ከሆነ መንገዱ ያጥራል። ሕፃናት ደግሞ ቁመታቸው ከውሻው አፍ ጋር እኩል ነው። ምልክቱ አንዴ ከታየ፣ ውሃ መፍራቱ አንዴ ከጀመረ፣ የሚተርፍ የለም ማለት ይቻላል። በዓለም በየዓመቱ 59,000 ያህል ሰው እንደሚሞት ይገመታል። በብዛት አፍሪካና እስያ ውስጥ ነው። ከአሥሩ አራቱ ከ15 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ናቸው። ግምት የምለው ብዙዎቹ ቤታቸው ወይም ጠበል ቦታ ስለሚሞቱና የሚቆጥራቸው ስለሌለ ነው። ያልተቆጠረ ሞት ደግሞ በጀት አይያዝለትም።

ከሰው የበሽታው ተጠቂዎች 99 በመቶው የሚይዛቸው በውሻ በኩል ነው። ስለዚህ መፍትሔው ያለው ውሻው ጋ ነው። ከውሾቹ 70 በመቶውን በየዓመቱ ብንከትብ በሽታው የሚተላለፍበት ሰንሰለት ይበጠሳል። ለውሻው በዓመት አንድ መርፌ ነው። ለተነከሰው ልጅ አራት አምስት ቀጠሮ ነው፣ ትራንስፖርቱ፣ የእናት የሥራ ቀን፣ ድንጋጤው ሳይቆጠር። እኛ ግን ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው ከንክሻው በኋላ ነው የምንነቃው። አንዱ ምክንያት ይመስለኛል፣ ውሻው የእንስሳት ሐኪም ጉዳይ ነው፣ ንክሻው የሰው ሐኪም። ልጁ መሃል ላይ ይቀራል።

ሀብታም አገር ስለሆነ ነው የቻለው እንዳይባል ሜክሲኮን እንይ። እ.ኤ.አ. በ1990 ስልሳ ሰው በዚህ በሽታ ተይዞባት ነበር። በነፃ ውሾችን በዘመቻ መከተብ ጀመረች። በ1999 ቁጥሩ ሦስት ደረሰ። በ2019 ከውሻ ወደ ሰው የሚተላለፈውን የእብድ ውሻ በሽታ ማጥፋቷን የዓለም ጤና ድርጅት አረጋገጠላት፣ ከዓለም የመጀመሪያዋ አገር ሆና። ተአምር አልሠራችም። ክትባት፣ ማስታወቂያ፣ በየዓመቱ ሳይሰለቹ መድገም፣ በቃ።

«ታዲያ ለምን አይገደሉም?» የሚሉኝ አሉ። ተገድለዋል እኮ። በከተማችን ውሻን በመርዝ መግደል የቆየ ልማድ ነው። ጠዋት አስፋልት ዳር አረፋ ደፍቀው ተዘርግተው ያየናቸው እናውቀዋለን። ምን ተገኘ? የሞተው ውሻ ቦታ ባዶ አይቀርም፣ ያልተከተበ ሌላ ይመጣል። ባለቤቱም የራሱን ይደብቃል፣ ለክትባት ሲጠሩት እንኳ አያወጣውም። ጭካኔውን ትቼ፣ በጤና ሒሳብም አያዋጣም።

አሁን ደግሞ የባሰ ነገር አለ። ፒያሳና ካዛንቺስ ግቢዎች ሲፈርሱ ሰው ዕቃውን ጭኖ ኮንዶሚኒየም ገባ። ሁሉም ውሻውን ይዞ መሄድ አልቻለም። አራተኛ ፎቅ ላይ የት ይታሰራል? ካዛንቺስ አንድ አጥር ሥር ከነአንገት ገመዱ የተኛ ውሻ አይቻለሁ። ገመዱ ተበጥሶ ጫፉ መሬት ይጎተታል። የሰው ውሻ ነበር። ከዚያ ብዙም ሳይርቅ የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን አዳራሾች አሉ፣ ስለ አፍሪካ ልማት ሌት ተቀን የሚመከርባቸው። እዚያ የሚገቡት ሰዎች መኪናቸውን አቁመው ይህን ገመድ ቢያዩልኝ ደስ ይለኛል።

የዓለም የእብድ ውሻ በሽታ ቀን ብዙ ጊዜ መስከረም 18 ላይ ይውላል፣ የመስቀል ማግስት። ሰው ሁሉ በየሰፈሩ ያለበት፣ ውሻውም የበዓል አጥንት የጠገበበት ቀን ነው። ከዚያ የተሻለ ምን ቀን አለ? በየወረዳው አንድ ጠረጴዛ፣ በረዶ ያለበት የክትባት ሳጥን፣ ሁለት የእንስሳት ጤና ባለሙያ፣ የተከተበው እንዲለይ ባለቀለም የአንገት ማሰሪያ። አራዳ ላይ ይጀመርና ይታይ። የጎዳና ውሻ ማን ይይዘዋል የሚለው ጥያቄ ከባድ ይመስለኝ ነበር። ፒያሳ አንድ ሥጋ ቤት በር ላይ ሁሌም ሦስት ውሾች ይተኛሉ፤ ሥጋ ቆራጩ አጥንት ይጥልላቸዋል። ሁሉንም «ቡቺ» ብሎ ነው የሚጠራቸው፣ ግን በድምፁ ቃና ይለያያሉ መሰለኝ፣ የተጠራው ብቻ ነው የሚነሳው። ባለፈው ሳምንት ጠየቅኩት፣ ከታቢ ቢመጣ ይያዙልሃል ወይ?

ቢላውን አስቀመጠና አንዷን ጆሮዋን ይዞ አሻሸላት። «መርፌውን ያምጡት እንጂ» አለኝ፣ «መያዙን ለእኔ ተዉት።»